የአባን ጎመን የረገጠችው ትራክተር

ጊዜው 1957 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ድንች የሚቆፈርበት የጥቅምት ወር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፉና ደግ አይቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት ተንኮሉ የራሴ ስለነበረ ነው።

የምንኖረው እንጅባራ ዳር ነበር። ባለቤቴ አቶ ዘለቀ ዳንግላ ውስጥ የአንድ ፈረንጅ አትክልተኛ ሆነው ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ የጓሮ ማረሻ ትራክተሩን ሰጥቷቸው ሄደ። አሮጌ ናት፤ ከበቅሎም ብዙ አትበልጥም። ከኋላዋ ጋሪ እየቀጠሉ ድንች ገበያ ያወርዱባት ነበር።

ባለቤቴ የፈረስ ሰው ስለሆኑ እሷንም እንደ ፈረስ ነበር የሚያናግሯት። ዳገት ላይ «አይዞሽ» ይሏታል። ሞተሯን ሲያጠፉ ጎኗን መታ መታ ያደርጋሉ።

ችግሩ መሪዋ ነበር። መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዘው ብረት መጋጠሚያው ላይ ተበልቶ ላልቷል። መሪው ሁለት ዙር ካልዞረ ጎማው አይሰማም። ባለቤቴ ግን ለምደውት ነበር። ወደ ገበያ ሲወረድ የአባ ጌጡ አጥር ሲያልቅ ወደ ቀኝ መታጠፊያ አለ። አባ የነፍስ አባታችን ናቸው። አቶ ዘለቀ መሪውን ማዞር የሚጀምሩት አጥሩ ገና ሳይጀምር፣ ከኮሶው ዛፍ አጠገብ ነው። ጎማው የሚታዘዘው አጥሩ ሲያልቅ ነው።

ከመታጠፊያው በታች ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው የወንዝ ድልድይ። ትንሿ ልጄ የሺ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጣ አብራቸው ትሄዳለች። እኔ እስኪመለሱ ድረስ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ።

አንድ ቀን «መሪዋን ለሠሪ ያሳዩልኝ» አልኳቸው።

«መሪዋ ደኅና ናት። ጠማማው መንገዱ ነው» አሉኝ።

ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም።

በዚያው ሰሞን ለዘመድ ተዝካር ጫግኒ ወረዱ። በዓል አለመሆኑን አየሁና ታከለ የሚባለውን ጋሪ ጠጋኝ ከዳንግላ አስጠራሁት። ከትራክተሯ ሥር ገብቶ መሪውን ነቅነቅ ሲያደርግ ሳቁ ቀደመው።

«እትዬ በላይነሽ፣ ይህንን ይዘው ነው ድልድዩን የሚሻገሩት?»

«እስካሁን ያሻገራቸው እግዚአብሔር ነው። አንተ አጥብቅልኝ።»

የመጋጠሚያውን ብሎን አወጣው። መሐሉ ተበልቶ ወገቡ ቀጥኗል። ብሎኑ የሚያልፍበት ቀለበትም ክብነቱ ቀርቶ እንቁላል መስሏል። ታከለ ከተሰበረ የጭነት መኪና የተገኘ ወፍራም ብሎን በልኩ ቆረጠ፤ ቀለበቱን ከጋሪ እቃው አወጣ። እንዲያም ሆኖ ትንሽ ይወዛወዝ ነበር። የሞፈርና የቀንበር ማሰሪያ ከምናደርገው እርጥብ ጠፍር ላይ ክብ ክብ አድርጌ ቆርጬ ሰጠሁት። በመሐል ገጠመውና ግራሶ ቀባው።

«ይህ ሲደርቅ የሚነቀንቀው የለም» አለ። «ለአቶ ዘለቀ ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበላቸው። እኔም አልላቸውም።»

መዋሸት ኃጢአት ነው፤ ስላልጠየቁኝ ነገር ዝም ማለት ግን ኃጢአት አይሆንም ብዬ ራሴን ደለልኩ። አሮጌውን ብሎንና ቀለበቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎታው ሥር ሸሸግኋቸው። ያን ዕለት ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ባለቤቴ በተመለሱ ማግስት ገበያ ነበር። ሥራዬን ለማየት እኔም ከየሺ ጋር ከጆንያው ላይ ወጣሁ። እስከ ኮሶው ዛፍ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።

«ዛሬ ምን ሆናለች? ኮርታለች» አሉ መሪውን እንደ ጨበጡ።



ከኮሶው ዛፍ ስንደርስ እንደ ልማዳቸው መሪውን ሁለት ዙር አዞሩት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ የመሪውን ነገር እንጂ የእጃቸውን ነገር አላሰብኩትም። ጎማው እዚያው ታዘዘ፤ ትራክተሯ አጥሩን ገርስሳ ገባችና የአባ ጎመን መካከል ቆመች። ጋሪው አዘመመ፤ ድንቹ ጎመኑ ላይ ፈሰሰ። ተመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። የሺማ «እንደገና» አለች።

አባ መቋሚያቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። ጎመኑን አዩ። ድንቹን አዩ።

«አቶ ዘለቀ፣ በር እኮ ነበረን» አሉ።

በነጠላዬ ተሸፍኜ ሳቅሁ። ቀና ብዬ የባለቤቴን ፊት ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ።

ድንቹን ለቅመን፣ ትራክተሯን በሰው አስገፍተን ወደ ቤት ተመለስን። አቶ ዘለቀ መደቡ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ያያሉ።

«እጄ ከዳኝ» አሉ። «ስንት ጊዜ የታጠፍኩበትን መንገድ ሳትኩ። ድልድዩ ላይ ቢሆን ልጄን ይዤ ወንዝ እገባ ነበር። አርጅቻለሁ በላይነሽ። ከእንግዲህ አልነዳትም፤ ለሚፈልጋት ትሰጥ።»

ሃምሳ ዓመታቸው ነበር። በዚያች ሰዓት ሰማንያ መሰሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ቃል እንቢ አለኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አጥሩን ላቃና ወደ አባ ሄድኩ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባ ሲሰሙኝ ቆይተው ጢማቸውን ይዘው በሳቅ ተንፈቀፈቁ።

«ወለተ ማርያም» አሉ በክርስትና ስሜ፤ «የጎመኑን ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺ ግን ጤነኛውን ሰው እጄ ከዳኝ አሰኝተሽዋል። ዛሬውኑ ንገሪው።»

«አፌ እንቢ ቢለኝስ አባቴ?»

«አፍሽ እንቢ ሲልሽ እጅሽ ምን እንደሚሠራ አጥሬ አይቷል» አሉ። «እንግዲያው እስከ ነገ ጧት ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ጎመኑም እስኪያገግም ውኃ የምታጠጪው አንቺ ነሽ።»

ያን ምሽትም አልነገርኳቸውም።

ዛሬ አቶ ዘለቀ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ነድተዋታል፤ ድልድዩንም በሰላም ተሻግረውባታል። ከኮሶው ዛፍ በደረሱ ቁጥር ወደ እኔ ዞረው «ከዚህ ነው ወይስ ከዚያ?» ይሉኝ ነበር። ያ ብሎን አሁንም ከሣጥኔ ውስጥ አለ። ሳየው በራሴ አፍራለሁ፤ ደግሞም እስቃለሁ። ልጄንና ባሌን የጠበቀልኝን አምላክ አመሰግናለሁ።

ከአባ ዘንድ በተመለስኩ ማግስት ጧት፣ የጾም ቀን አልነበረምና፣ ለቁርስ ድንች ቀቀልኩ። ከጎታው ሥር ጨርቁን አውጥቼ ፈታሁት። ወገበ ቀጭኑን ብሎንና እንቁላል የመሰለውን ቀለበት ከግራሷቸው አጽድቼ ከሳህኑ መካከል፣ ከትኩሱ ድንች ላይ አስቀመጥኳቸው። ክዳኑን ከደንኩ። ከአቶ ዘለቀ ፊት አቅርቤም «ቁርስዎን ይብሉ» አልኳቸው።