ሳይታከሙ የቀሩት አራት መስመሮች

ያን ሰሞን ሥራዬ ብቸና፣ ሐሳቤ ሞጣ ነበር። አክስቴ ሞጣ ዳር በመስኖ ቲማቲም ያለማሉ። ዓምና ፍሬ ሊይዝ ሲል አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገብቶ ማሳውን እንዳለ ጨረሰባቸው። ጠዋት ለምለም የነበረው ተክል ቀትር ላይ ጥውልግ ይላል፤ ውሃ ቢያጠጡትም አይነሣም። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ስለሆነ የሚረጭለት መድኃኒት የለም። እኔም የሰብል ባለሙያ ተብዬ ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አልፈየድኩላቸውም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ግን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይዤ ሄድኩ፤ ቀድሞ ሥሩ ላይ ሰፍሮ ክፉውን ባክቴሪያ ቦታ የሚያሳጣ። ሙቀት እንዳይገድለው ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። የሚኒባሱ ሾፌር “ከኋላ ወርውረው” ቢለኝ ልጣላው ምንም አልቀረኝ።

የችግኙን ሥር ባክቴሪያው በተበጠበጠበት ውሃ እየነከርን ተከልን። አራት መስመር ግን ሳይነከር እንዲተከል አደረግሁ። ማነፃፀሪያ ከሌለው፣ መሥሪያ ቤት ማን ያምነኛል? “ባክቴሪያን በባክቴሪያ?” ብለው የሳቁብኝን ባልደረቦቼን አፍ ማስያዝ ነበረብኝ።

“እነዚህስ?” አሉ አክስቴ።

“እነሱ እንዲሁ ይቆዩ። ልዩነቱ እንዲታይ ነው።”

“በሽታው ቢመጣባቸውሳ?”

“እሱን እኮ ነው የምናየው” አልኳቸው። ጠርሙሱን አንሥተው ጥላ ሥር አኖሩት።

ከዚያ በኋላ መቀመጫ አጣሁ። ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ነኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳላደርስ ወደ አራቱ መስመሮች እሮጣለሁ። በፀሐዩ ቅጠል ዘለስ ሲል ልቤ ድው ድው ይላል፤ አመሻሹ ላይ መልሶ ቀና ሲል ቅር ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሆኜ አላውቅም ነበር።

በስድስተኛው ቅዳሜ የጎረቤት ማሳ ተጠወላልጎ አገኘሁት። አንዱን ግንድ ቆርጬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ባቆመው እንደ ወተት የነጣ ክር እየተሳበ ወረደ፤ ያው አጠውልግ ነው። የሰው ማሳ እየሞተ እኔ “በቃ መጣ!” ብዬ በደስታ ወደ አክስቴ መስመሮች ገሰገስኩ። አንድም የተጠወለገ የለም። አራቱም ከሌላው እኩል ለምልመዋል።

አክስቴ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ኖሯል።

“አንተ ልጅ፣ የኔ ቲማቲም ደህና መሆኑ ምን አስከፋህ?”

“ኧረ አልከፋኝም።”

“ፊትህ ይናገር የለ! ዓምና ሲሞትብኝ እንኳ እንዲህ አልጠቆርክም።” ጎንበስ ብለው አረም ነቀሉ። “የተከልን ዕለት አንተ ስትሄድ ከጠርሙሱ የቀረውን በጥብጬ ለነዚህም ሥር ሥራቸውን አጠጣኋቸው። ዓምና ሁሉን አጥቼ ዘንድሮ እያወቅሁ አራት መስመር ለሞት ልተው?”

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ምልልስ፣ በየቅዳሜው የመዘገብኩት ሁሉ ከንቱ ሆነ። ባክቴሪያው ያዳናቸው ይሁን ዕድል፣ አሁን በምን ይታወቃል? ልቆጣ ዞርኩ፤ እሳቸው አሁንም አረማቸውን ይነቅላሉ። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ሞጣ የተመላለስኩት የአክስቴ ተክል ሲሞት ለማየት ነበር። እሳቸውም ይህን እያወቁ በየቅዳሜው ምሳ አዘጋጅተው ይጠብቁኝ ነበር።