በጉበት ውስጥ ያለው ሹልክታ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ቆርቆሮውን በሚያንጣጣበት ሰሞን ነው። ያንን ሰሞን ያልረሳሁት፣ ለማንም አይጠቅምም ብዬ የደመደምኩት ትምህርቴ ባልጠበቅሁት ቤት ስለተፈለገ ነው።

የዶክትሬት ጥናቴ የጉበት ሴሎች እርስ በርስ መልእክት በሚለዋወጡባቸው የፕሮቲን ቦዮች ላይ ነበር። ምርምሩ በጀት አጥቶ ተቋረጠ፤ እኔም እዚህ መጥቼ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አጽናኝ አልፈለግሁም፤ የመጣም የለም።

የተከራየሁት ቤት ከጎረቤት ግቢ ጋር የሚገናኘው በሹልክታ ነው፤ በአጥሩ መካከል ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት። ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ሳያስፈቅዱ በዚያ ብቅ ብለው «ምን በላሽ?» ይሉኛል። አልወደውም ነበር።

አንድ ጠዋት ሹልክታው በጆንያ ተጋርዶ አገኘሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ምን ሆነው ይሆን ብዬ ጆንያውን ገልጬ ገባሁ።

ባለቤታቸው ጋሽ ሙሄ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ተኝተዋል። «የወፍ በሽታ ነው» አሉኝ እትዬ ዘሃራ። ከጀውሃ የመጣ መድኃኒት አዋቂ ሥር ዘፍዝፎ አጠጥቷቸው፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ለማታ አዝዟል። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው የእንግዳ ጥላ ሊያርፍበት አይገባም፤ መርፌ ከነካው ይሞታል ይባላል። ሹልክታው የተዘጋው ለዚህ ነበር። ጋሽ ሙሄ ግን ከጠጡ ወዲህ ብሶባቸዋል፤ ያስታውካቸዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል።

«አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ» አልኩ።

«አንቺ የምታክሚው ዶክተር ነሽ እንዴ?» አሉ ጋሽ ሙሄ በደከመ ድምፅ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ታውቂያለሽ?»

«የጉበትን ግድግዳ አውቃለሁ። እያንዳንዱ ሴል ቤት ነው፤ በቤቶቹ መካከል ሹልክታ አለ። ዳር ያለው መልእክት ሲደርሰው ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ጉበት እንደ አንድ ሰው የሚሠራው በዚያ ነው። ሲታመም ሹልክታዎቹ ይመናመናሉ። ካልተመረዘ ግን ሴሎቹ ተባዝተው መልሰው ይከፍቷቸዋል። በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። በዚያ ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ግን እኔም እርስዎም አናውቅም።»

«ያየሽው የሰው ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። «የአይጥ» አልኩ።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር።

«ወላሂ፣ ጎተራዬን የጨረሰው አይጥ ከዳነ እኔ ምን በወጣኝ እሞታለሁ! ዘሃራ፣ ባጃጅ ጥሪ!»

እትዬ ዘሃራ አመነቱ፤ ብርጭቆውን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ።

ሐኪሙ የጉበት ቫይረስ እንደያዛቸው፣ ሥሩም ጉዳቱን እንዳባባሰው ነገረን። ቢደግሙት ኖሮ ለመትረፋቸው ዋስትና አልነበረም። ማገገሙ ዘገምተኛ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ጠራ። ያ ጆንያም ሽንኩርት ተሞልቶ በሹልክታው በኩል ወደ እኔ መጣ።

ስለተቋረጠው ምርምሬ ያለኝ ቅሬታ ዛሬም አልበረደም። ጎረቤት የምወድ ሰውም አልሆንኩም። ሆኖም ጋሽ ሙሄ ወደ እርሻ ሲወጡ በሹልክታው አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ዶክተር፣ ጉበቴ ሰላም ብሎሻል» ይሉኛል።

መጀመሪያ ሰሞን መልስ አልሰጥም ነበር። አሁን ድምፃቸው ከዘገየ ወደ አጥሩ ጠጋ ብዬ አዳምጣለሁ።