ለገሪማ አራት ጥርስ

መነን ዲላ ገበያ ዳር ያለውን የጨርቅ ሱቋን ዘግታ ወንድሟን ይዛ ጥርስ ሐኪም ቤት የሄደችው ለአራት የፊት ጥርስ ነበር። ገሪማ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አእምሮው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ዘገምተኛ ነው። ጣቃ ተሸክሞ ከሱቁ ሲወጣ ባለባጃጆቹ «ገሬ፣ በረኛው የት ሄደ? ጎሉ ባዶ ነው እኮ» ይሉታል። እሱም አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይስቃል። መነንን የሚያማት ያ መዳፍ ነበር። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርታለት ነበር፤ እሱ ግን ወደ ወናጎ ሲሄዱ በሚኒባሱ መስኮት ወርውሮታል።

የጥርስ ሐኪሟ ሩሃማ ግን መንጋጋው ውስጥ ብሎን ተክሎ፣ አጥንቱ እስኪይዘው ጥቂት ወራት ጠብቆ፣ በላዩ ጥርስ መግጠም እንደሚቻል ነገረቻት።

«ብቻ አንቸኩልም» አለች። «መጀመሪያ ወንበሩን ይልመድ።»

ስለዚህ አንድ ቀን መጥቶ ወንበሩን ነካክቶ ሄደ። ሌላ ቀን ተቀምጦ ሄደ። በአራተኛው ቀን ሩሃማ «ጋሽ ገሪማ፣ ዛሬ አፍዎን ያሳዩኛል?» አለችው። ጋሽ መባሉ ደስ አለው። ተጋደመ። ከዚያ ሁለት እጆቹን አንጓ ለአንጓ ገጥሞ ዘረጋላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሰሪኝ እንጂ» አላት፣ ረሳሽው እንዴ በሚል ድምፅ። «ያኔ አባባ አሳስረው ነው ያስነቀሉኝ። እትዬን ስለነከስኳት።»

መነን የተናገረው ሌላ ሰው መሰላት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ለዕረፍት መጥታ፣ ሬዲዮኑን ከእጁ ስትነጥቀው ክንዷን ነክሷት ነበር። እያለቀሰች ለአባቷ ያሳየችው ራሷ ናት። በዓመቱ ስትመለስ የፊት ጥርሶቹ የሉም። «ከደረጃ ወደቀ» አሏት አባቷ፤ አመነች። አባቷ ከሞቱ በኋላም ለጠየቃት ሁሉ ያንኑ ስትናገር ኖረች።

የትኛው ደረጃ? ቤታቸው ደረጃ የለውም።

ገሪማ እጁን እንደዘረጋ ነው። ሩሃማ ቀስ ብላ እጆቹን ለያይታ ጭኑ ላይ አሳረፈችለት።

«እዚህ ማንም አይታሰርም። ጥርስ ይፈልጋሉ? ካልፈለጉም ይቀራል።»

እሱ ግን ወደ እህቱ ዞረ። «ደግሞ ብነክስሽስ?»

ለሐኪሙም ለጎረቤቱም በእሱ ፈንታ ስትመልስ የኖረችው መነን ወደ ወንበሩ ጠጋ አለች።

«ከነከስከኝ እጮሃለሁ» አለችው። «ጥርስህን ግን ማንም አይነካውም።»

«እሺ፣ ትከሉልኝ» ብሎ አፉን ከፈተ።

መነን የተከፈተውን አፉን ማየት አልቻለችም። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ፣ ወንበር እያለ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።