ሞተሩን የገጠመችው አልጣሽ

አልጣሽ መካኒክ የሆነችው ወዳ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. ባሏ ወልዱ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ገብቶ ሲሠራ ክሪኩ ተንሸራተተና ቀኝ እጁን ጨፈለቀው። ከሐኪም ቤት ሲመለስ የሚታዘዙለት ሁለት ጣቶች ብቻ ነበሩ። ዲላ ገበያ አጠገብ ያለው ጋራዡ ውስጥ የሦስት መኪና ሞተር ተፈታቶ ይጠብቀዋል። ሌላ ሠራተኛ ቢያስገባ ደንበኞቹን ይዞበት የሚሄድ መሰለው። ስለዚህ ሚስቱን ጠራት።

«መፍቻውን ያዢ። እኔ እነግርሻለሁ» አላት።

በመጀመሪያው ዓመት እሱ እየተናገረ እሷ ሠራች። በሦስተኛው ዓመት መናገሩ ቀረ፤ መኪናው ገና ግቢ ሲገባ ከድምፁ ሕመሙን ታውቀው ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ግን እጇን ጠርጋ ወደ ጓሮ ትሄድና ዕቃ በናፍጣ የምታጥብ ትመስላለች። «ሴት ሞተር ገጠመች ከተባለ ማን መኪናውን ያመጣልናል?» ይላት ነበር ወልዱ። እውነቱን ነው ብላ ተቀበለችው።

በ1960 ፈለቀ የሚባል የቡና ነጋዴ ልጅ አንድ ያረጀች ፊያት ይዞ መጣ። አዲስ አበባ በሚደረገው የመኪና እሽቅድድም ልወዳደርባት ነው አለ። ወልዱ እሺ አለ፤ አልጣሽ ሦስት ወር ሙሉ ከመኪናዋ ሥር አልወጣችም። የፒስተኖቹን ፋሻ፣ ማለት ቀለበቶቹን፣ ቀየረች፤ ቫልቮቹን አንድ በአንድ በእጇ እያሸች ከመቀመጫቸው ጋር አስማማች። መኪናዋን ከኋላ ከሚሸከመው ባሌስትራ፣ ከተደራረቡት ብረቶች፣ አንድ ቅጠል አውጥታ መኪናዋን ዝቅ አደረገቻት። ንዝረት የሚያበርዱትን አሞርዛተሮችም ከፍታ ወፍራም ዘይት ሞላችባቸው፤ መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ እንዳትዘል።

ፈለቀ መኪናዋን በይርጋጨፌ መንገድ ሞክሮ ተመለሰና፣ «ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ ይወጣብኛል» አለ።

«ማርሹ ተበልቷል፤ መቀየር ነው» አለ ወልዱ።

ፈለቀ ከሄደ በኋላ አልጣሽ ካምቢዮውን፣ የማርሾቹን ቤት፣ አውርዳ ከፈተችው። «ማርሹ ደህና ነው። ደግፎ የሚይዘው የሽቦ ሞላ ነው የደከመው» አለች። ከአንድ የተጣለ የጭነት መኪና ካምቢዮ ሞላ አወጣች፤ ቆርጣ፣ በሞረድ አስተካክላ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ ማርሹ አልዘለለም።

ለውድድሩ ወልዱና ፈለቀ አብረው ሄዱ። እሷ ጋራዡን ጠበቀች። ከአሥራ ዘጠኝ መኪና ሁለተኛ መውጣታቸውን የነገራት አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጋዜጣው ሲደርስ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ጎረቤቷና አስተማሪ ነበርኩ። ፎቶው ላይ ወልዱ የቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«‹ሞተሩንም ካምቢዮውንም በገዛ እጄ ነው የገጠምኩት› ብለዋል መካኒኩ» ብዬ አነበብኩ።

«በየትኛው እጁ?» አለች አልጣሽ።

ወልዱን አዲስ አበባ ያለ አንድ ጋራዥ በአለቃነት ቀጠረው። አለቃ ያዛል እንጂ መፍቻ አይዝም፤ ስለዚህ ተመቸው። «ቤት ሳገኝ እወስድሻለሁ» ብሎ አንዴ ጻፈ። በዓመቱ ሌላ ሚስት ማግባቱን ሰማን።

አልጣሽ ጋራዡን ብቻዋን ከፈተች። ብዙ ሰው በር ላይ ቆሞ ወልዱን ጠይቆ ይመለሳል። አንድ ቀን ፈለቀ ራሱ መጣ፤ ለሚቀጥለው ውድድር መኪናዋን ሊያሠራ ነው።

«ወልዱ የለም እንዴ?»

«የለም። እኔ አለሁ።»

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሞላ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ በሞረድ እንደተስተካከለ፣ አሞርዛተሮቹ ውስጥ ምን ዘይት እንዳለ ነገረችው። ፈለቀ ሳቁን ተወ።

«አንቺ ነሽ የሠራሻት» አለ። «ግን ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

መኪናዋን አስነሥቶ እዚያ ሊያሠራት ወደ አዲስ አበባ ወሰዳት።

«ባያምነኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ በማግሥቱ። «ሳያውቅ ቢሄድ አልፈርድበትም ነበር።»

ሌላ ስድስት ወር ታገለች። ከዚያ ጋራዡን ለባለ ቦታው አስረከበች፤ መፍቻዎቹን ሸጣ ይርጋጨፌ አጠገብ አሪቻ ባለ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ብልሹ ፍሬ ለቃሚ ሆና ተቀጠረች።

በ1965 ቡና በደረሰበት ሰሞን የመፈልፈያው ሞተር ቀጥ አለ። የዚያን ቀን የመጣው እሸት ቡና ተከምሯል፤ ሳይፈለፈል ካደረ ይበላሻል። የጣቢያው ኃላፊ ገሪማ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ጋሼ ገሪማ፣ የናፍጣው መስመር አየር ስቧል» አለችው አልጣሽ። «ያቺን ብሎን ላላ አድርጎ አየሩን ማስወጣት ነው።»

«አንቺ ልቀሚ!» አላት፤ ዲላ ድረስ መካኒክ ሊያስጠራ ሰው ላከ።

ተነሥታ ብሎኑን ማላላት ትችል ነበር። ከሞተሩ የሚለያት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። «እጄን እንዲህ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት» ብላኛለች ስትነግረኝ። «ቡናው ይበስብስ አልኩ።»

መካኒኩ በማግሥቱ ረፋድ ላይ መጣ። ብሎኑን አላልቶ አየሩን አስወጣ፤ ሞተሩ ተነሣ። ገሪማ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ምሳ ጋበዘው። የሸተተውን ቡና በአካፋ እየዛቁ እንዲደፉ የታዘዙት ለቃሚዎቹ ነበሩ፤ አልጣሽም ከእነሱ ጋር እስኪመሽ ስትዝቅ ዋለች።