በሰመመን የመጣ እንግዳ

ከክፍላችን አንደኛ ወጥቼ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በመምህርነት ልቀር ስል፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቦታዬን ለሚስቱ ወንድም ሰጠብኝ። ልጁ ዛሬ ዶክተር ነው። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት ከኃላፊው ጋር በሐሳቤ ስሟገት እንቅልፍ ካጣሁ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ባለቤቴ፣ «ከሁለት ወንድ ጋር መተኛት ሰልችቶኛል፤ ሄደህ ሰውዬህን አስወጣው» ብላ፣ ሩዋንዳ ኤምባሲ አካባቢ ሰውን ሰመመን ውስጥ አስገብቶ በሂፕኖሲስ የሚያክም ባለሙያ ዘንድ ላከችኝ።

ባለሙያው ወንበር ላይ አስቀምጦ ዐይኔን አስጨፈነኝ። የተማረ ሰው በዚህ አይታለልም ብዬ ነበር የሄድኩት። ዝግ ባለ ድምፁ ሲያወራኝ ግን እጆቼ ከበዱኝ። እግሮቼ እርጥብ አሸዋ እንደሞላው ጆንያ ሆኑ። ጣቴን ላንቀሳቅስ ብል እምቢ አለኝ፤ ደረቴ ላይ የሆነ ሙቀት ብቻ ይሰማኛል።

«አሁን ያ የበደለህ ሰው በሩን ከፍቶ ገባ» አለኝ። «ፊት ለፊትህ ቆሟል። ይህን ሁሉ ዘመን በሆድህ የያዝከውን ንገረው።»

የምናገረውን ስንት ዓመት ሳሰላስለው ኖሬያለሁ። አፌን ከፈትኩ።

የራሴው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ዐይኔን ስገልጥ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ፣ በሁለት እጄ ወንበሩን እያሳየሁ፣ «ኖር፣ እዚህ ይቀመጡ ጋሼ» እላለሁ።