የጋሽ ይመር መዘውር

ባለፈው ክረምት ሰቆጣ ገብቼ በገበያው ዳር ሳልፍ፣ አንድ የሞባይል ጠጋኝ እርሳስ አቅልጦ ሲበይድ ያ መራራ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እዚያው ቆምኩ። ጋሽ ይመር ትዝ አለኝ። ጎረቤታችን ነበር፤ በደርግ ዘመን የከተማው ሬዲዮ ሁሉ ሐኪም። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደገና የሚያናግር፣ ጢሙን መላጨት እየረሳ ሬዲዮ ሲፈታ የሚውል ሰው።

የከተማው አዳራሽ አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ ነበረው፤ በጄኔሬተር እየተነሣ የእርሻ ትምህርትና ሰልፍ ይታይበታል። ቁልፎቹ ሲሰባበሩ ጋሽ ይመር ጠግን ተባለ። እሱ ግን ቁልፎቹን ትቶ ከፍየል ቀንድ አንድ መዘውር ጠርቦ ገጠመለት። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ፊልሙ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይመለሳል፣ ገፋ ሲያደርጉት ይፈጥናል፣ ሲለቁት ቀጥ ይላል። እኛ ልጆች ሰልፈኛውን ሁሉ የኋሊት እያስኬድን ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን።

ፈጠራው በስሙ እንዲመዘገብለት አመለከተ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ መርማሪዎች ግን «ማንም ሊያስበው የሚችል ግልጽ ነገር ነው፤ ፈጠራ አይባልም» ብለው መለሱት። ይግባኝ አለ። ይህን ያሰበው ይመር ነው እንዲባልለት ብቻ ነበር የሚመኘው።

ይግባኙ በከተማው አዳራሽ በተሰማ ቀን ጎረቤት ሁሉ ሊመሰክርለት ወጣ። እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ ይግባኝ ሰሚው ሊቀመንበር ፊት ቀረበች። በእኛ አገር የእጅ ሥራ ሲወደስ «ለልጅ እንኳ አይከብድም» ይባላል፤ እሷም ልታወድሰው ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼ ምኑ ይቸግራል! ገና ሳየው ገባኝ። እኔስ ብሆን ይኼንኑ አልነበር የማስበው?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩም ፈገግ ብሎ «እንግዲህ እናንተው መሰከራችሁ» አለ። ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

እናቴ ግን በጭብጨባው የረታን መስሏት ደጅ ላይ ደስ ብሏት ጠበቀችው። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ዘውዴ፤ እንዲቀልዎት ብዬ ነበር የደከምኩት» አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ያ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ጠገነ እንጂ አዲስ ነገር አልሠራም። ቆይቶም ወደ ወልድያ ወረደ፤ ወሬውም ጠፋ።

እናቴ ያደረገችው ሲገባት ብዙ አለቀሰች። ካረጀች በኋላ የመጀመሪያውን ሞባይሏን ገዝቼ ሳመጣላት፣ አገላብጣ አየችውና «ይኼን ማን አሰበው?» አለችኝ።

«እኔ ምኑን አውቄ» አልኳት።

«ጠይቂ እንጂ፤ ያሰበው ሰው አለ።»