ስድስት ኮፒ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ

አሰበ ተፈሪ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ስሜ «ዝንጉዋ» ነበር። በሦስተኛው ዓመት «ሱሰኛዋ» ሆነ። ሁለቱንም ያወጡልኝ እነዚያው የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱንም እስከ ዛሬ አልተቀበልኳቸውም።

ከወሎ ተመድቤ የሄድኩ፣ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ብቸኛ ታይፒስት ነበርኩ። እጄ ፈጣን ነው፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። መስመር ዘልዬ እጽፋለሁ። ካርቦኑን ገልብጬ አስገባና ኮፒው በዋናው ጀርባ ታትሞ ይወጣል። ውጭ የመኪና ጡሩምባ ከሰማሁ ደብዳቤውን ትቼ በር ላይ ነኝ። አንዴ የመቻራ ገበሬ ማኅበራት የተጠሩበትን የስብሰባ መጥሪያ ቦኬ ላክሁት። የቦኬ ሊቀመናብርት በገበያ ቀናቸው ሥራ ፈትተው፣ በዚያ አስቸጋሪ መንገድ መቻራ ድረስ ሄደው «እናንተን ማን ጠራ?» ተባሉ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ምን ያስለቅሰኝ ነበር?

በራችን ላይ ጫት የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። በአንድ ጠዋት ስድስት ሰባት ጊዜ ስወጣ ስገባ ያዩኛል። አንድ ቀን ጠሩኝና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ እኮ ቁጭ አላልሽም፣ ወላሂ! እንቺ፣ ይቺን ያዢ» ብለው አንድ ጭብጥ ሰጡኝ። ሌላው ሰው ሲቅም ወሬ ይበዛበታል። እኔ ጸጥ አልኩ። እስከ ምሳ ከወንበሬ ሳልነሳ ጻፍኩ፤ አንድ መስመር አልዘለልኩም። ከዚያ ቀን ወዲያ በየጠዋቱ ከእሳቸው እየገዛሁ እቅም ጀመር።

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ሱስ ቢሆንብኝስ ብዬ፣ ፈቃድ ወጥቼ ወሎ አንድ ወር ሳልቅም ከረምኩ። ሁለት ቀን እንቅልፍ ጣለኝ፣ አበቃ። ሐራራ የሚሉት አልነካኝም። የድሮው ልቤ ግን ተመለሰ፤ የጣድኩትን ወጥ አሳረርኩ፣ የእናቴን ቁልፍ ሁለቴ ጣልኩ። በስተርጅና አንድ ሐኪም ለዚህ ለማይቀመጥ ልቤ ስምም መድኃኒትም እንዳለው ነግሮኛል። ያኔ የነበረኝ ቅጠሉ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ስብሰባ ነበር። ሰው ተነስቶ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናዘዛል። ተራዬ ሲደርስ ኃላፊያችን «ሱሰኛ መሆንሽን እመኚ፤ ካመንሽ በኋላ ስንብትሽን እናያለን» አለኝ። ከዚያ እንጀራ ሌላ አልነበረኝም። ግን ንዴቱ ቀደመኝ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ትናንት ከሰዓት እርስዎ ቤት በርጫ ላይ ያልነበረ ወንድ እጁን ያውጣ» አልኩ።

አንድ እጅ አልወጣም።

«እናንተ ተሰብስባችሁ ለጨዋታ ትቅማላችሁ። እኔ ብቻዬን ለሥራ እቅማለሁ። ሴት ስለሆንኩ ነው ሱሰኛ የሆንኩት? ዘንድሮ ያበላሸሁትን አንድ ደብዳቤ አምጡልኝ!»

አላመጡም። ኃላፊው ወደ ጸሐፊው ዞር ብሎ «አምናለች ተብሎ ይያዝ» አለና ስብሰባውን ዘጋ። ግን ቃለ ጉባኤው መተየብ ነበረበት፤ ታይፒስቷ ደግሞ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ረቂቁን ሰጡኝ። ጫቴን ከታይፑ አጠገብ፣ ሁሉም እያየ አስቀመጥኩ። ካርቦኑን በቀናው በኩል ደረደርኩና «ጓዷ ተጠይቃ አላመነችም፤ የጠየቀችውም መልስ አላገኘም» ብዬ መታሁት። ስድስት ኮፒ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ።

ኃላፊው ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ሁለት ጊዜ አነበበው። የፊደል ስሕተት እንኳ አጣ።

«እንደገና ጻፊው።»

«ያልተባለ ቃል አልጽፍም። ከፈለጉ በእጅዎ ይጻፉት።»

ሰዓቱን አየ። ስምንት ሰዓት አልፏል፤ እቤቱ በርጫው ተጀምሯል። ሐራራው መጥቶበት ግንባሩን አላበው። ስድስቱንም፣ በሩን በሩን እያየ፣ ፈረመልኝ።